እንዲህ የሚቅበጠበጥ ልጅ ይጨነቃል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ክፍል ውስጥ አንድ ቦታ መቀመጥ ያቃተው ልጅ አለ። ያው ልጅ ማታ «ሆዴን አመመኝ» ይላል። ነገ ፈተና ካለ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል። ኤዲኤችዲ፣ ማለትም የትኩረት ማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር፣ ከጭንቀት ጋር አብሮ ሲመጣ ወላጅ ግራ ይጋባል። ዘመድ ጎረቤቱ ደግሞ የየራሱን ይላል።

«እንዲህ የሚቅበጠበጥ ልጅ ምን ጭንቀት አለበት?»

አለበት። አሜሪካ ውስጥ ወላጆችን ጠይቀው የተሠሩ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ኤዲኤችዲ ካለባቸው ልጆች ቢያንስ ከሦስት አንዱ ያህሉ የጭንቀት ችግርም አለባቸው። የሚጨነቅ ልጅ ሁልጊዜ ጥጉን ይዞ ዝም አይልም። ይቁነጠነጣል፣ ይነጫነጫል፣ ደብተሬን አልከፍትም ብሎ ያለቅሳል። መምህሩ «አያዳምጥም» ይላል፤ የልጁ ልብ ግን «ብሳሳትስ?» በሚል ፍርሃት ተይዟል። ለዚህ ነው ሐኪሙ ልጁን ራሱን መጠየቅ ያለበት። እኛ የምናየው መቅበጥበጡን ነው፤ የውስጡን የሚያውቀው እሱ ነው።

«የኤዲኤችዲ መድኃኒት ጭንቀቱን ያባብሰዋል»

ብዙ ቤተሰብ ሕክምናውን የሚያዘገየው ይህን ፈርቶ ነው። ፍርሃቱ ይገባኛል። እንደ ሜቲልፌኒዴት ያሉት መድኃኒቶች «አነቃቂ» ይባላሉ፤ የልብ ምት ትንሽ ይጨምራሉ፣ የምግብ ፍላጎትና እንቅልፍ ሊቀንሱ ይችላሉ። ጭንቀት የሚጨምሩበት ልጅም አይጠፋም። ሆኖም በ2015 እ.ኤ.አ. ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ፣ ጭንቀት በብዛት የታየው አነቃቂ በወሰዱት ሳይሆን መድኃኒት የሌለበት የማስመሰያ ክኒን በወሰዱት ልጆች ላይ መሆኑን አሳይቷል። ብዙ ጊዜ ጭንቀቱን የሚወልደው ራሱ ኤዲኤችዲው ነው። የቤት ሥራውን በየቀኑ የሚረሳ፣ በየቀኑ የሚቆጡት ልጅ እንዴት አይጨነቅ? ትኩረቱ ሲሰበሰብ ይህ ሸክም ይቀልለታል። ሐኪሙ በትንሽ መጠን ጀምሮ እያየ ይጨምራል። ካልተስማማው ደግሞ እንደ አቶሞክሴቲን ያለ አነቃቂ ያልሆነ አማራጭ አለ።

«ከፈራ ይቅርበት»

የእናት አንጀት ነውና አይፈረድም። ግን ጭንቀት በሽሽት ይፋፋል፤ ዛሬ የቀረበት ነገር ነገ ይበልጥ ያስፈራዋል። ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ የሚባለው የንግግር ሕክምና ተቃራኒውን ያደርጋል። ክፍል ፊት ማንበብ የሚፈራ ልጅ መጀመሪያ ለእናቱ ያነባል። ቀጥሎ ለአንድ ጓደኛው፣ ከዚያ ለመምህሩ ብቻ፣ በመጨረሻ ለክፍሉ። ኤዲኤችዲ ላለበት ልጅ ልምምዱ አጠር ይበል፣ ሽልማቱም ወዲያው ይሁን።

«ክኒኑ ብቻውን ይበቃል»

በ1999 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የወጣ፣ ኤዲኤችዲ ያለባቸውን 579 ልጆች የያዘ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ነበር። ወላጅንና ትምህርት ቤትን የሚያሳትፈው የባህሪ ሕክምና ጭንቀት ለነበረባቸው ልጆች ይበልጥ ጠቅሟል። በ2008 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በጭንቀት የሚቸገሩ ልጆችን ተከታትሏል። ሰርትራሊን የተባለውን የጭንቀት መድኃኒትና የንግግር ሕክምናን አብረው ካገኙት ከ10 ልጆች 8ቱ ተሽሏቸዋል። አንዱን ብቻ ካገኙት የተሻላቸው 6 ገደማ ናቸው። ሰርትራሊን ለመሥራት ሳምንታት ይፈጃል። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የልጁን ስሜት በቅርብ ተከታተሉ፤ ራሱን ስለመጉዳት ካወራ ሳትውሉ ሳታድሩ ለሐኪሙ ንገሩ።

«ስኳር ነው ያበላሸው፣ ቀበቶ ያስተካክለዋል»

ስኳር ኤዲኤችዲ አያመጣም። ቀበቶ ደግሞ የሚፈራ ልጅ ላይ ሌላ ፍርሃት ይጨምራል። ጠዋት «ልበስ፣ ብላ፣ ቦርሳህን ያዝ» ብላችሁ ከምትጮኹበት፣ ጠጋ ብላችሁ አንዱን ብቻ ንገሩት። «ጫማህን አድርግ።» ሲያደርግ አመስግኑት፤ ከዚያ ወደ ሁለተኛው እለፉ።