መንገዱን የሚዘጋው ሁልጊዜ አደጋ አይደለም

የአዲስ አበባው ቀለበት መንገድ በተጨናነቀ ቁጥር ተሳፋሪው አንገቱን አስግጎ «ማን ተጋጭቶ ነው?» ይላል። ከቆይታ በኋላ መኪኖቹ ሲንቀሳቀሱ የተጋጨም የተበላሸም አይታይም፤ እሱ ግን «አንስተውት ይሆናል» ብሎ እምነቱን እንደያዘ ይወርዳል። በትራፊክ ምህንድስና ሙያ ስሠራ ይህን ያህል የሰለቸኝ አባባል የለም።

አደጋ መንገድ እንደሚዘጋ አያጠራጥርም፤ ሆኖም ፈጣን መንገድ ያለ አንዳች እንቅፋትም ይዘጋል። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት 22 መኪኖችን 230 ሜትር ዙሪያ ባለው ክብ መንገድ ላይ አሰልፈው፣ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ እንዲነዱ አሽከርካሪዎቹን ጠየቁ። መብራትም መጋጠሚያም እግረኛም አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ ግን አንዳንዶቹ ጨርሶ ቆሙ፤ መኪኖቹ የሚቆሙበት ስፍራም በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይጓዝ ጀመር። አንዱ ፍሬን ሲነካ ተከታዩ ዘግየት ብሎ ስለሚያየው ጠበቅ አድርጎ ይይዛል፤ ከእሱ በኋላ ያለው ደግሞ ይበልጥ ይረግጣል፤ እንዲህ እየባሰ ሄዶ ከኋላ ያለው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ፍሬን የነካው የመጀመሪያው ሰው ግን የሆነውን ሳያውቅ ሄዷል።

በቀለበት መንገዳችን ይህን የሚያስጀምረው ተሳፋሪ ለማውረድ ድንገት ጥግ የሚይዘው ሚኒባስ፣ ከዳር መንገድ የሚገባው መኪና፣ መውጫው ሊያመልጠው ሲል ከግራ ረድፍ ወደ ቀኝ የሚያቋርጠው ሰው ነው። ስለዚህ ከፊታችሁ ካለው መኪና ራቅ በሉ፤ ፍሬን ከመርገጣችሁ በፊት እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው ላይ አንሱ፤ መውጫችሁን አስቀድማችሁ አስቡና ረድፋችሁን በጊዜ ያዙ። «ቦታ ከተውኩ ሌላው ይገባብኛል» ለምትሉኝ፦ ይግባ። አንድ ባልደረባዬ ከቃሊቲ ወደ ቦሌ ሲነዳ ረድፍ እየቀያየረ ይቀድመኛል፤ መውጫው ላይ ግን ከኋላው ቆሜ እገኛለሁ፤ ያተረፈው ነገር ቢኖር ከኋላው ያሉትን ሁሉ ፍሬን ማስያዝ ነው።

«ጥፋቱ የዝግተኛ ነጂ ነው» የሚባለውም ብዙ አያስኬድም። አንድ ረድፍ በሰዓት 2,000 ገደማ መኪና ያሳልፋል፤ ከዚያ በላይ ሲመጣበት ሁሉም ዝግተኛ ይሆናል።

«መንገዱ ቢሰፋ ኖሮ» የሚሉ ደግሞ በአሜሪካዋ ሂውስተን ከተማ ያለውን ኬቲ ፍሪዌይ የተባለ ፈጣን መንገድ ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2008 ሰፍቶ ሲያልቅ፣ የዳር መንገዶቹ ሲቆጠሩ እጅግ ሰፊ በሆነበት ስፍራ 26 ረድፍ ደረሰ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት የሚፈጀው ጊዜ እንደገና ረዘመ። መጨናነቁን ሽሽት ሰዓት የለወጠውና ሌላ መንገድ የያዘው ሁሉ ተመለሰ፤ ዳር ዳሩንም አዳዲስ መኖሪያ ተሠራ።

መግቢያ ላይ መኪኖችን እያቆመ ተራ በተራ የሚያስገባ መብራት መጨናነቅ ያባብሳል የሚባለው ደግሞ በተግባር ተፈትኗል። የአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2000 ወደ 430 የሚጠጉ እንዲህ ያሉ መብራቶችን ለሳምንታት ስታጠፋ፣ በፈጣን መንገዶቹ ላይ የጉዞ ጊዜ 22 በመቶ፣ አደጋም 26 በመቶ ጨመረ። መብራቶቹም ተመልሰው በሩ።