አንበሳው ማን ነው? «ድር ቢያብር» እና ቢጫው ማሊያ

ሐምሌ ነበር። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፤ እኛ ሰፈር ካፌ ተሰብስበን የፈረንሳዩን የብስክሌት ውድድር፣ ቱር ደ ፍራንስን፣ እናያለን። ሁላችንም ብስክሌት ከነዳን ሃያ ዓመት አልፎናል፤ አስተያየት ግን አያጥረንም። ፓሪስም እየዘነበ ነበር። ታዴይ ፖጋቻር የ2025ን ውድድር (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ያዙልኝ) አሸንፎ አራተኛ ድሉን ይዞ መድረክ ላይ ወጣ። የውድድሩ መሪ የሚለብሰውን ቢጫ ማሊያ ለበሰ። ከዚያ የአንበሳ አሻንጉሊት ሰጡት። ይሄን ጊዜ አጠገቤ የነበረው ወዳጄ ጠረጴዛውን መታ አድርጎ፣ «ይኸው! ድር ቢያብር አንበሳ ያስር!» አለ።

ማኪያቶው ትን አለኝ።

ማለት የፈለገው ገብቶኛል። ቡድኑ ተባብሮ ልጁን ለድል አበቃው ነው። ሐሳቡ ልክ ነው፤ ተረቱ ግን ቦታውን ስቷል። በተረቱ ውስጥ አንበሳው የሚታሰረው ነው። ተሸናፊው እሱ ነው! ፖጋቻርን ደግሞ ማን አሰረው? ሊያስሩት ሦስት ሳምንት ሲደክሙ የከረሙትን ጥሎ፣ ሁለተኛ የወጣውን ዮናስ ቪንገጎን በ4 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ በልጦ ነው የጨረሰው።

የመድረኩ አንበሳ ራሱ ከእኛ ተረት ጋር ምንም ዝምድና የለውም። የባንክ አንበሳ ነው። ክሬዲ ሊዮኔ ይባል የነበረው (ዛሬ ኤልሲኤል የሚባለው) የፈረንሳይ ባንክ ከ1987 ጀምሮ የቢጫው ማሊያ ስፖንሰር ነው፤ አርማው አንበሳ ስለሆነ ማሊያውን ለለበሰ ሁሉ አንድ አንድ አንበሳ ያስታቅፋል። በየቀኑ። ፖጋቻር ቤት ስንት እንደተከማቸ እሱ ይወቀው።

ይህን ሳስረዳ ወዳጄ፣ «እሺ፣ ግን ሸረሪት እንኳ ከተባበረች…» ብሎ ቀጠለ። በቃ፣ እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። ለካ እሱም ድሩን የሸረሪት አድርጎታል!

ብቻውን አይደለም። በየስብሰባው ባነር ላይ ይህ ተረት በተጻፈ ቁጥር ከጎኑ የሸረሪት ድር ይሳላል። እኔን ጠይቁኝ ካላችሁ፣ ሸረሪት እዚህ ተረት ውስጥ ማንም ሳይጠራት የገባች እንግዳ ናት። ሸረሪት ከሸረሪት ጋር መቼ አብራ ታውቃለች? በየጥጓ ብቻዋን ተቀምጣ የራሷን ዝንብ ትጠብቃለች። የተረቱ ድር የሸማኔ ድር ነው። የድርና ማጉ ድር። በዚህ ማንም አያሳምነኝም፤ ምክንያቱም ድር ሲያስር በዓይኔ አይቻለሁ።

አያቴ ፈታይ ነበረች። ጥጡ ከቆላ ገበያ በጆንያ ይመጣል። መጀመሪያ ትዳምጠዋለች፤ ፍሬው ይወጣል። ቀጥሎ በደጋን ትነድፈዋለች። ያቺ የደጋን ድምፅ፣ ድም… ድም… እያለች፣ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለች። ጥጡ እንደ ጉም ተነፍቶ ባዘቶ ይሆናል። ከዚያ በኋላ እንዝርት ነው። ጭኗ ላይ ታሾረዋለች፣ እጇን ወደ ላይ ትስባለች፣ ክሩ ከምንም ተነሥቶ ይረዝማል። እያወራች፣ እየሳቀች፣ እኛን እየተቆጣች ትፈትላለች፤ ዓይኗ ክሩ ላይ ሆኖ አያውቅም። ማታ ልቃቂቱ ከጠዋቱ የወፈረው በጣት ስፋት ያህል ነው። ለአንድ ጋቢ ስንት ልቃቂት እንደሚያስፈልግ አስቡት። ስለዚህ ብቻዋን አትጨርሰውም። ጎረቤቶቿ ቡና ሊጠጡ ሲመጡ እንዝርታቸውን ይዘው ነው። የአንዷ ክር ከሌላዋ ክር ጋር አንድ ጋቢ ውስጥ ይገባል።

ለድር የሚሆነው ክር ጠበቅ ተደርጎ ይፈተላል፤ ማጉ ላላ ይላል። ድሩ ነው ተወጥሮ የመወርወሪያውን ምልልስ ሁሉ የሚችለው። (ዛሬ ብዙ ሸማኔ ድሩን የፋብሪካ ክር አድርጎ ማጉን ብቻ የእጅ ፈትል ያደርጋል። ደክመው ነው፤ አልፈርድም።)

ሸማኔው ድር የሚያደራ ቀን ለእኛ ለልጆች በዓል ነበር። ግቢው ውስጥ ካስማ ይተክላል፤ ክሩን ይዞ ከካስማ ካስማ ይመላለሳል። ሲሄድ ሲመለስ፣ ሲሄድ ሲመለስ፣ ግቢው በነጭ ክር ይሞላል። «በዚያ በኩል እንዳታልፉ!» እንባላለን። እኛ አላለፍንም። ጥጃዋ ግን ማን ይንገራት?

ከእናቷ ሸሽታ ስትፈነጭ መጥታ ድሩ መሀል ገባች። መጀመሪያ አንድ እግሯ ተያዘ። ልታመልጥ ዞረች፤ ሁለተኛው ተያዘ። በዘለለች ቁጥር ተጨማሪ ክር ይዞራታል። አንዱን ክር ለብቻው እኔ ያኔ በሁለት ጣቴ እበጥሰው ነበር። ጥጃዋ ግን ካስማውን ነቀለች እንጂ ክሩን አልበጠሰችም። በመጨረሻ ተጠቅልላ ወደቀችና እምቧ አለች። አያቴ እየሮጠች ወጣች። «ኧረ ድሬን! ኧረ ድሬን!» አለች። ጥጃዋን የጠራት የለም።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ይህ ተረት የወጣው ከሴቶች ነው። ከአዳኝም አይደለም፣ ከቤተ መንግሥትም አይደለም። አንድ ቀን አንዲት ፈታይ አንድ እንስሳ ድር ውስጥ ተጠቅልሎ አየች። ጥጃ ይሁን ፍየል አይታወቅም። እኛ አገር ደግሞ ታሪክ ከግቢ ሲወጣ ያድጋል፤ ጥጃው ገበያ ሲደርስ አንበሳ ሆነ። ማስረጃ አምጣ ካላችሁኝ፣ ግሱን ተመልከቱ። «ይገድል» አይልም፣ «ይጥል» አይልም። «ያስር» ነው የሚለው። አዳኝ ቢሆን ኖሮ ይገድለው ነበር። ክር ግን አይገድልም፤ ይይዛል፣ ያቆያል፣ ባለቤቶቹ እስኪደርሱ። ይህን የሚያውቅ ክር የያዘ እጅ ብቻ ነው። ድር፣ ቢያብር፣ ያስር የሚለው የ«ር» ዜማ ብቻውን አመጣው የሚል ካለም አልጣላውም፤ እንዝርትም ሲሾር እንዲሁ «ርርር» ይላል።

ወደ ብስክሌቱ ልመለስ። ቱር ደ ፍራንስ መጀመሪያ ላይ ድር እንዲያብር ጭራሽ አይፈልግም ነበር። በ1903 ውድድሩን የጀመረው የጋዜጣ አዘጋጁ አንሪ ዴግራንዥ ሁሉም በገዛ ጉልበቱ እንዲጨርስ ነበር ፍላጎቱ። በ1913 ኤዠን ክሪስቶፍ የሚባል ፈረንሳዊ ከቱርማሌ ተራራ ሲወርድ የብስክሌቱ ሹካ፣ የፊት ጎማውን የሚይዘው ብረት፣ ተሰበረ። ብስክሌቱን ተሸክሞ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ በእግሩ ወረደ። ሴንት ማሪ ደ ካምፓን የምትባል መንደር ደርሶ ቀጥቃጭ ቤት ገባ፤ ብረቱን ራሱ አግሎ ራሱ ቀጠቀጠ። ዳኞቹ ቆመው ይጠብቁታል። ማገዝ ክልክል ነው። ሁለት እጁ ብረቱ ላይ ስለሆነ ወናፉን አንድ ትንሽ ልጅ ነፋለት። ለዚህች ወናፍ 10 ደቂቃ ቅጣት ጣሉበት፤ በኋላ ወደ 3 ዝቅ አደረጉት። ይኸው ሰው በ1919 ቢጫው ማሊያ ሲጀመር የመጀመሪያው ለባሽ ሆነ። ቱሩን ግን አንድም ቀን አላሸነፈም።

ዴግራንዥ በ1911 ሌላውን ያገዘ አንድ ተወዳዳሪ «አሽከር» ብሎ ሰድቦት ነበር። ዛሬ ያ ስድብ የሥራ መጠሪያ ሆኗል። እያንዳንዱ ቡድን ስምንት ሰው ያሰልፋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሰባቱ ለአንዱ ነው የሚደክሙት። ነፋሱን ይከልሉለታል። ወደ መኪናው ተመልሰው የውሃ ኮዳውን በጀርባ ኪሳቸውና በማሊያቸው ሥር አጭቀው ያመጡለታል። ጎማው ከፈነዳ የራሳቸውን ይሰጡታል። በ1934 ረኔ ቪየቶ የሚባል የ20 ዓመት ልጅ ለቡድን መሪው ለአንቶናን ማኝ ጎማውን ሰጥቶ መንገድ ዳር ተቀምጦ አለቀሰ። በማግስቱም ማኝ ዳግመኛ ተቸገረ፤ ልጁ ቀድሞት ሄዶ ነበር፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ብስክሌቱን ሰጠው። ማኝ አሸነፈ። ከእኛ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተሰለፈው ጽጋቡ ግርማይም በ2016 ሥራው ይኸው ነበር፣ ሌላውን ማገዝ።

ወዳጄ ሊያመሰግን የፈለገው እነዚህን ከሆነ ተረቱ ሌላ ነው፦ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።» እነዚያን ኮዳዎች አይታችሁ ሎሚ አይታያችሁም? ሽልማቱ ራሱ ሎሚ ነው። አሸናፊው 500,000 ዩሮ ያገኛል፤ በልማድ ግን ብቻውን አይወስደውም፣ ለቡድኑ ያካፍላል።

ታዲያ ድር አንበሳ ያሰረበት ቱር የለም ወይ? አለ እንጂ! ሐምሌ 2022፣ 11ኛው የውድድር ቀን። ቢጫውን የለበሰው ፖጋቻር ነው፤ ሁለት ዓመት በተከታታይ አሸንፏል፣ ማንም ብቻውን አይችለውም። የጁምቦ-ቪስማ ቡድን ሰዎች ጋሊቢዬ ተራራ ላይ ተራ ገቡበት። ፕሪሞዥ ሮግሊች ሊያመልጥ ይወጣል፤ ፖጋቻር ይከተለዋል። እሱን ሲይዝ ቪንገጎ ይወጣል፤ እሱንም ይከተላል። እንደገና ሮግሊች። እንደገና ቪንገጎ። ልክ እንደ ጥጃችን፣ በዘለለ ቁጥር አንድ ክር ይዞረዋል። በመጨረሻው አቀበት፣ ግራኖን ላይ፣ ቪንገጎ ሲነሣ የፖጋቻር እግር እምቢ አለ። በአንድ ቀን 2 ደቂቃ ከ51 ሰከንድ ተቆረጠበት። ቱሩን በወጣትነቱ ዓሣ ሲያሽግ የነበረው ዴንማርካዊው ቪንገጎ ወሰደው። ሮግሊች ደግሞ ትከሻው በመውደቅ ተጎድቶ ስለነበር ከጥቂት ቀን በኋላ ውድድሩን ጥሎ ሄደ። ካሰሩት ክሮች አንዱ ተበጠሰ፤ አንበሳው ግን እንደታሰረ ቀረ።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ2020፣ እነዚሁ ሰዎች ሮግሊችን ይዘው ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲጎትቱ ከርመው ነበር። በመጨረሻው ተራራ ዋዜማ 57 ሰከንድ ይመራል። የማግስቱ ውድድር ግን እያንዳንዱ ብቻውን ከሰዓት ጋር የሚሽቀዳደምበት ነበር። ከፊት የሚጎትት የለም፣ ከጎን የሚከልል የለም። ድር የለም ማለት ነው። ወጣቱ ፖጋቻር 57ቱን ሰከንድ አጥፍቶ በላዩ 59 ጨምሮ ቱሩን ወሰደ። ተረቱ «ቢያብር» ያለው በዋዛ አይደለም።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ሻምፒዮን አንበሳ ታቅፎ ባያችሁ ቁጥር ይህን ተረት አትወርውሩበት። መሥሪያ ቤት ውስጥም እንደዚያው ነው። አንድ ጊዜ አንድ አለቃዬ የደመወዝ ጭማሪ በጠየቅንበት ስብሰባ ተነሥቶ፣ «ተባብረን እንሥራ፣ ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል» አለን። አንገታችንን ደፋን። በዚያ ክፍል ውስጥ አንበሳ ሊባል የሚችል ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም እየተናገረ ነበር። ባነር የምትሠሩም ሸረሪቷን ልቀቋት፤ አንዲት እንዝርት ብትስሉ ምን ይጎድልባችኋል?

ወዳጄ ይህን ሁሉ ዝም ብሎ ሰማኝ። ዝናቡ አባርቷል። ሂሳብ መጣ፤ አምስት ማኪያቶ፣ ሁለት ሻይ። ወረቀቱን በጣቱ ወደ እኔ ገፋ አድርጎ፣ «በል እንግዲህ፣ ድር ቢያብር…» አለኝ።

«ይሄ እንኳ ሃምሳ ሎሚ ነው» አልኩት።

ከልቡ ሳቀ። እጁ ግን ኪሱ አልገባም።