ኤዲት የተደረገ ቪዲዮን ኤክስፖርት ማድረግና የፋይል ፎርማት ምርጫ

ኤክስፖርት በኤዲቲንግ ፕሮግራም ታይምላይን ላይ የተደረደሩ ምስሎችን፣ ድምፆችን፣ ጽሑፎችንና የቀለም እርማቶችን ወደ አንድ ራሱን የቻለ ፋይል የመቀየር ሥራ ነው፤ በስቱዲዮዎች ዘንድ ሬንደር ማድረግ እየተባለም ይጠራል። በዚህ ጊዜ ኤዲተሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይመርጣል። አንደኛው ምስሉን፣ ድምፁን፣ ሰብታይትሉንና የጊዜ መረጃውን አንድ ላይ የሚይዘው ኮንቴይነር ሲሆን፣ ኤምፒ4፣ ኤምኦቪ፣ ኤምኬቪ፣ ኤምኤክስኤፍና ኤቪአይ ከዚህ ወገን ናቸው። ሁለተኛው ምስሉ የሚጨመቅበት ስልት፣ ማለትም ኮዴክ ነው፤ ኤች.264፣ ኤች.265፣ ፕሮሬስና ኤቪ1 እዚህ ይመደባሉ። የምስሉን ጥራት የሚወስኑት ኮዴኩና የተመደበለት ቢትሬት፣ ማለትም በየሴኮንዱ የሚፈቀድለት የመረጃ መጠን፣ ናቸው፤ ኮንቴይነሩ ደግሞ ፋይሉ የት እንደሚከፈትና ምን ምን ሊይዝ እንደሚችል ይወስናል። ስለዚህ ኤምኦቪ ከኤምፒ4 የተሻለ ጥራት አለው የሚለው በየኤዲቲንግ ቤቱ የሚሰማ አባባል ስሕተት ነው፤ አንድ ዓይነት የኤች.264 ምስል በሁለቱም ውስጥ ቢቀመጥ ከምስሉ ነጥቦች (ፒክስሎች) አንዲቱ እንኳ አትለወጥም።

የፎርማቶቹ ታሪክ ሰፋ ብሎ ተመዝግቦ የሚገኘው ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አፕል ኩባንያ ኩዊክታይምን ከነኤምኦቪ ፋይሉ በ1991 ሲያወጣ፣ ማይክሮሶፍት በማግሥቱ ዓመት ኤቪአይን ይዞ ቀረበ። ከሁለቱ ኩባንያዎች ፉክክር ይልቅ ዘላቂ ውጤት ያመጣው ግን ኤምፔግ በሚል ስም የሚታወቀው የባለሙያዎች ቡድን በ1988 መቋቋሙ ነው። ቡድኑ በ1993 የታተመውን ኤምፔግ-1 ያዘጋጀው ምስልና ድምፅ በአንድ ላይ በሴኮንድ 1.5 ሜጋቢት ገደማ እንዲተላለፉ፣ ማለትም ተራ የሙዚቃ ሲዲ ሊሸከመው በሚችለው መጠን እንዲሆኑ አስቦ ነው። በዚሁ ዓመት የወጣው ቪሲዲ (ቪዲዮ ሲዲ) የተሠራው በዚህ ኮዴክ ነበር።

ቪሲዲ በኢትዮጵያ ልዩ ስፍራ አለው። በ2000ዎቹ ዓመታት የአማርኛ ፊልሞች፣ የሙዚቃ ክሊፖችና መዝሙሮች በብዛት ወደየቤቱ የገቡት በዚህ ዲስክ ነው። የዚያ ዘመን ኤዲተር የፎርማት ምርጫ አልነበረውም ማለት ይቻላል፤ ምስሉ በስፋት 352፣ በቁመት 288 ነጥብ፣ ቢትሬቱም በሴኮንድ 1,150 ኪሎቢት እንዲሆን በዲስኩ ደንብ ተወስኖ ነበር። አንድ ዲስክ የሚይዘው 74 ደቂቃ ያህል በመሆኑ ሙሉ ፊልም ለሁለት ዲስክ ይከፈል ነበር፤ ታሪኩን የት ላይ መቁረጥ እንደሚሻል መወሰንም ከኤክስፖርቱ ሥራ የሚቆጠር ነበር። ውዝዋዜ የበዛበት ክሊፕ በዚህ ቢትሬት ሲወጣ እንቅስቃሴው ሲፈጥን ምስሉ ወደ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ይሰባበራል። ያንን ጉድለት ለመሸፈን የካሜራውን እንቅስቃሴና የጀርባውን ዝርዝር መቀነስ የተማሩ ባለሙያዎች የዛሬውን የቢትሬት ስሌት ያለ መምህር የተረዱ ናቸው።

ኤምፔግ-2 ዲቪዲንና ዲጂታል ቴሌቪዥንን አስከተለ። በ1998 ደግሞ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት የኩዊክታይምን የፋይል አወቃቀር ለአዲሱ የኤምፔግ-4 ፋይል መሠረት እንዲሆን መረጠው፤ ኤምፒ4 ዛሬ ባለው መልኩ በ2003 ታተመ። ኤምኦቪና ኤምፒ4 እንደ ወንድማማች የሚመሳሰሉት ከዚህ የተነሣ ነው።

በግንቦት 2003 የጸደቀው ኤች.264 የዘርፉ ታላቅ ሥራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረትና የኤምፔግ ባለሙያዎች በጋራ ያዘጋጁት ይህ ኮዴክ የኤምፔግ-2ን ያህል ጥራት በግማሽ ገደማ ቢትሬት ይሰጣል። ስልክ፣ ቴሌቪዥን፣ ብሉሬይና የኢንተርኔት ቪዲዮ ሁሉ ተቀብለውታል፤ አዘጋጆቹም በ2008 የኤሚ የምሕንድስና ሽልማት አግኝተዋል። ኮዴኩ የባለቤትነት መብት ክፍያ ያለበት ቢሆንም፣ ክፍያውን የሚያስተዳድረው ድርጅት በ2010 ለተመልካች በነጻ ለሚቀርብ የኢንተርኔት ቪዲዮ ክፍያ እንደማይጠይቅ አስታውቋል። ኤክስ264 የተባለው ነጻ ፕሮግራምና እርሱን የሚጠቀመው ኤፍኤፍኤምፔግ፣ ገንዘብ ያልተከፈለባቸው ሆነው ሳለ፣ ከብዙ ውድ ሶፍትዌሮች የላቀ ውጤት የሚሰጡ መሣሪያዎች ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ኤች.265 በ2013፣ የጉግል ቪፒ9 በዚያው ዓመት፣ ኤቪ1 ደግሞ በ2018 ወጥተዋል። ኤች.265 ከኤች.264 እስከ ግማሽ የሚደርስ ቢትሬት ይቆጥባል ይባላል፤ ቁጥሩ እንደ ምስሉ ዓይነትና ምስሉን እንደሚጨምቀው ፕሮግራም (ኢንኮደር) ስለሚለያይ በጥንቃቄ ሊወሰድ ይገባል። አይፎን ከ2017 ጀምሮ በኤች.265 መቅረጽ በመጀመሩ ቀረጻው በዚሁ ኮዴክ ተጨምቆ ወደ ኤዲተሩ ይደርሳል፤ ዕድሜ ያለው ኮምፒውተር ግን ሲያጫውተው ይንቀራፈፋል። ኤቪ1 የተሻለ ነው የሚሉ አሉ፤ ኤክስፖርቱ ረጅም ጊዜ የሚወስድ መሆኑና በአሮጌ ስልኮች ላይ መቸገሩ ግን ለደንበኛ የሚሰጥ ፋይል አድርጎ ለመምረጥ ገና አያደፋፍርም።

በሙያው ልምድ ከአንድ ታይምላይን ቢያንስ ሁለት ፋይል ይወጣል፤ አንዱ በሙሉ ጥራቱ የሚቀመጠው ዋና ቅጂ (ማስተር)፣ ሌላው የማሰራጫ ቅጂ ነው። ኤች.264ን የመሰሉ ኮዴኮች ብዙውን ፍሬም (ቪዲዮው የሚገነባበትን ነጠላ ምስል) የሚመዘግቡት ከጎረቤቱ ባለው ልዩነት ብቻ ስለሆነ ፋይሉ ያንሳል፤ ነገር ግን ተመልሶ ኤዲት ሲደረግና ዳግም ሲጨመቅ ጥራቱ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል። አፕል በ2007 ያወጣው ፕሮሬስና የአቪድ ዲኤንኤክስኤችአር ግን እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው ስለሚይዙ ለማስተርነት ይመረጣሉ። የዚህ ዋጋ የዲስክ ቦታ ነው። በሴኮንድ 25 ፍሬም ያለው የ1080 (ቁመቱ 1080 ነጥብ የሆነ) ቪዲዮ በፕሮሬስ 422 ኤችኪው በሴኮንድ 184 ሜጋቢት ገደማ ሲፈጅ 10 ደቂቃው 13.8 ጊጋባይት ይሆናል፤ ያው 10 ደቂቃ በኤች.264 በ8 ሜጋቢት ሲወጣ 600 ሜጋባይት ነው።

ለዩቲዩብ የሚመከረው ኤምፒ4 ከኤች.264 ምስልና ከኤኤሲ ድምፅ ጋር ሲሆን፣ በሴኮንድ እስከ 30 ፍሬም ላለው የ1080 ቪዲዮ 8 ሜጋቢት፣ ለ4ኬ ከ35 እስከ 45 ሜጋቢት ተቀምጧል። ዩቲዩብ የተጫነለትን ሁሉ እንደገና ስለሚጨምቀው፣ የኢንተርኔቱ ዋጋና ፍጥነት ከፈቀደ ከዚህ ከፍ ያለ ቢትሬት መጫን አይጎዳም። በቴሌግራም በቪዲዮ መልክ የተላከ ምስል ሊጨመቅ ይችላል፤ በፋይል መልክ የተላከ ግን እንዳለ ይደርሳል፤ ስለዚህ ለደንበኛ የሚላክ ሥራ በሁለተኛው መንገድ ቢሄድ ይመረጣል። የቴሌቪዥን ጣቢያዎች አብዛኛውን ጊዜ ኤምኤክስኤፍን በ50 ሜጋቢት ኤምፔግ-2 ይቀበላሉ፤ የእያንዳንዱ ጣቢያ መስፈርት ግን አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። ሲኒማ ቤቶች በኤምኤክስኤፍ ውስጥ የታሸገ ጄፔግ 2000 ይጠቀማሉ። የፍሬሙ ቁጥር ከታይምላይኑ ጋር አንድ መሆን ይኖርበታል፤ በኢትዮጵያ የተለመደው 25 ሲሆን ከአሜሪካ የሚላክ የሠርግ ወይም የበዓል ቀረጻ ግን ብዙውን ጊዜ 29.97 ወይም 30 ነው። ሁለቱን ሳያስተካክሉ የደባለቁ ቪዲዮዎች ካሜራው ወደ ጎን ሲዞር በየመሐሉ ይዘላሉ።

በኢትዮጵያ ፊደል የሚጻፍ ርእስና ሰብታይትል ተጨማሪ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለማሰራጫ በሚወጡ ፋይሎች የተለመደው 4:2:0 የተባለው የቀለም አያያዝ ለየአራቱ ነጥብ አንድ የቀለም መረጃ ብቻ ስለሚያስቀምጥ፣ በሰማያዊ ጀርባ ላይ የተጻፈ ቀይ ፊደል ጠርዙ ይደበዝዛል። ሉን ከሊ የሚለየው በቀኝ እግሩ መሐል ወይም ጫፍ ላይ ያለች አጭር ጭረት ናት፤ ፊደሉ ትንሽ፣ ቢትሬቱም ዝቅተኛ ሲሆን መጀመሪያ የምትጠፋው እርሷ ናት። ነጭ ጽሑፍ ከጥቁር ጥላ ጋር ከቀለም ይልቅ በብርሃን ልዩነት ስለሚነበብ የቀለሙ መደብዘዝ ችግር አይደርስበትም።

ኤክስፖርት እየተደረገ ሳለ መብራት ቢጠፋ የሚሆነውም በኮንቴይነሩ ይወሰናል። ኤምፒ4 ማውጫውን፣ ማለትም እያንዳንዱ ምስልና ድምፅ በፋይሉ ውስጥ የት እንዳለ የሚያመለክተውን ክፍል፣ ብዙ ጊዜ የሚጽፈው በመጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ በመሐል የተቋረጠ ፋይል 99 በመቶ የደረሰ ቢሆን እንኳ በአብዛኛው አይከፈትም፤ ኤምኬቪ ግን እስከተቋረጠበት ድረስ ሊታይ ይችላል። ታይምላይኑ እስካለ ድረስ ኤክስፖርቱን መድገም ስለሚቻል ይህ ጉዳይ በይበልጥ የሚያሳስበው ስክሪን ወይም የቀጥታ ስርጭት ለሚቀርጹ ሰዎች ነው፤ እነርሱም በኤምኬቪ ቀርጸው ምስሉን ዳግም ሳይጨምቁ ወደ ኤምፒ4 ማዛወር ይችላሉ።

ለረጅም ዘመን ለሚቀመጥ ሥራ አንዳንድ ቤተ መዛግብት ምንም መረጃ የማይጥለውን ኤፍኤፍቪ1 ኮዴክ በኤምኬቪ ውስጥ ይጠቀማሉ። ለግል ስቱዲዮ ፕሮሬስ ወይም ዲኤንኤክስኤችአር ይበቃል። የፕሮጀክት ፋይሉን ብቻ ማስቀመጥ ግን ማስተርን አይተካም፤ ከዓመታት በኋላ በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት የአማርኛው ፎንት ከሌለ ርእሱ ሁሉ ወደ ባዶ ሳጥን ወይም ወደ ሌላ መልክ ይቀየራል። ጽሑፍ ያልተለጠፈበት ሁለተኛ ማስተር አብሮ ማውጣት ጠቃሚ የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ ፊልሙ በእስራኤል በዕብራይስጥ ወይም በአሜሪካ በእንግሊዝኛ ሰብታይትል እንዲታይ ቢፈለግ አዲሱ ጽሑፍ በአማርኛው ላይ ሳይደራረብ ይገባል።