ከእንጦጦ እስከ ሱሉልታ፦ ስለ ጫካ ሩጫ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ዳገቱ ላይ ሰው አይጠፋም። ጥሩ ነው። አንዳንዱ ከፓርኩም አልፎ በጀርባ በኩል ወደ ሱሉልታ ወደሚወርደው ባህር ዛፍና ሜዳ መሻገር ጀምሯል። ችግሩ ከሯጩ እኩል ወሬውም መብዛቱ ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን እነሆ።

«ጫካ ውስጥ ኦክስጅን እንደ ልብ ስለሆነ ሩጫው ይቀላል»

መርካቶ መሃል ቁሙ፣ እንጦጦ ጫካ ግቡ፣ አየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ያው 21 በመቶ ገደማ ነው። ጫካው የሚያተርፋችሁ ከመኪና ጭስና ከአቧራ ነው፤ እሱም ቀላል ነገር አይደለም። የሚለወጠው የአየር ግፊቱ ነው። የአዲስ አበባ መሃል ከባህር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ሲሆን የእንጦጦ ጫፎች ከ3,000 ሜትር ያልፋሉ። እዚያ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ባህር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ስለዚህ ቦሌ ላይ የምትሮጡትን ፍጥነት ይዛችሁ ወጥታችሁ ትንፋሽ ቢያጥራችሁ ኮንዲሽናችሁ ወርዶ አይደለም።

የባህር ዛፉ ሽታ ሳንባ ይከፍታል የሚሉም አሉ። ሽታው ደስ ይላል። ከዚያ ያለፈ አትጠብቁ።

«ደሜ ሐበሻ ነው፣ ከፍታ አይነካኝም»

ይህን የሚለው ብዙ ጊዜ ከዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከዱባይ ለእረፍት የመጣው ዘመዳችን ነው። ባህር ጠለል አጠገብ ዓመታት የኖረ ሰውነት እዚያው ለምዷል። ከፍታውን እንደገና ለመልመድ፣ በተለይም ቀይ የደም ሴሎች እስኪጨምሩ፣ ሳምንታት ይፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የእግር ጉዞና ቀስ ያለ ሶምሶማ ይበቃል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ ደግሞ «እልህ» የሚባለውን ትቶ ማረፍ፣ ካልተሻለም ወደ ዝቅተኛ ቦታ መውረድ ነው።

በዚያው ልክ ከፍታ ብቻውን ሯጭ አይፈጥርም። በቆጂ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ ደራርቱን፣ ፋጡማ ሮባን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን ሰጥታናለች። የቦሊቪያዋ ላፓዝ ግን ከ3,600 ሜትር በላይ ናት፤ በዚህ ሂሳብ ቢሆን ኖሮ የረጅም ርቀት ወርቁን ሁሉ ትወስደው ነበር። በቆጂ እንደ ስንታየሁ እሸቱ ያለ፣ ከስፖርት መምህርነት ተነስቶ ልጆቹን ማለዳ እየሰበሰበ የሚያሠለጥን ሰው ነበራት። ቀድመው ያሸነፉትን የሠፈራቸውን ልጆች የሚያዩ ታዳጊዎችም ነበሯት።

«ታዋቂዎቹ ሯጮች ጫካ ውስጥ በየቀኑ ይበርራሉ»

እኔን ብትጠይቁኝ ከሁሉም የባሰ ጉዳት የሚያደርሰው ይኼኛው ነው። ጀማሪ የሚጎዳውም የሚሰለቸውም በዚህ ሐሳብ ነው።

አንድ ቀን ማለዳ እንጦጦ ወይም ሱሉልታ ሄዳችሁ ቡድኖቹን ተመልከቱ። ጫካ ውስጥ በአብዛኛው የሚሮጡት ቀስ ብለው ነው፤ አንዳንዴ የምር ቀስ ብለው። አንድ መሪ ይቀድማል፣ ሌሎቹ በአንድ መስመር ከኋላው እግር እግሩን እያዩ ይከተላሉ። ፈጣኑ ሥራ ለሌላ ቀንና ለሌላ ቦታ ይቀመጣል፤ ለአስፋልት፣ ለኮረኮንች ወይም ለትራክ። ጫካው ከከባዱ ልምምድ በኋላ እግር የሚፈታበት፣ ትንፋሽ የሚገነባበት ቦታ ነው።

መንገዱንም ልብ በሉ። ቀጥ ያለውን የእግር መንገድ ትተው በዛፎቹ መሃል እየተጠማዘዙ ነው የሚሄዱት። ተዳፋቱን አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ ያደርጉታል። ይህ ለጨዋታ አይደለም። ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ተዳፋት ላይ ከሮጣችሁ አንደኛው ቁርጭምጭሚትና ዳሌ ይጫናል። መጠማዘዙ ጫናውን ያካፍላል፣ ፍጥነታችሁንም ሳታስቡት ይይዘዋል። እንዲህ መሮጥ የተቻለውም ጫካው በሰው እጅ የተተከለ ስለሆነ ነው። ባህር ዛፍ በአጼ ምኒልክ ዘመን ከውጭ የመጣ የአውስትራሊያ ዛፍ ሲሆን ከሥሩ ብዙ ቁጥቋጦ አያበቅልም። የጥድ ጫካ በሆነው መናገሻ ሱባ በዚህ መልኩ ልጠማዘዝ ብትሉ ቁጥቋጦው ይዞ ያስቀራችኋል።

ፍጥነታችሁ ልክ መሆኑን ለማወቅ አጠገባችሁ ካለው ሰው ጋር አውሩ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታችሁ ፈጥናችኋል።

«ሰዓቴ ያሳየኝ ፍጥነት እውነተኛው ነው»

ዛፍ ሥር የጂፒኤስ ምልክት ይዛባል። በየዛፉ ስትጠማዘዙ ደግሞ ሰዓቱ ኩርባዎቹን ቆርጦ ርቀቱን ሊያሳንሰው ይችላል። በዚያ ላይ ዳገት አለ። ጫካ ስትገቡ ኪሎ ሜትሩን ትታችሁ በደቂቃ ሩጡ፤ 50 ደቂቃ ካላችሁ 50 ደቂቃ።

«ዳገቱ ይገላል፣ ቁልቁለቱ ያሳርፋል»

ለትንፋሽ እውነት ነው። ለጡንቻ ግን ተቃራኒው ነው። ቁልቁል ስትሮጡ የፊት የጭን ጡንቻ በየእርምጃው እየተለጠጠ ክብደታችሁን እንደ ፍሬን ይይዛል። ጡንቻን በጣም የሚጎዳው እንዲህ ያለው ሥራ ነው። ሕመሙ ወዲያው አይመጣም፤ በማግስቱና በሦስተኛው ቀን ይብሳል፣ ደረጃ መውረድ ጭንቅ ይሆናል። ደግነቱ ጡንቻው ቶሎ ይማራል፤ ከሳምንት በኋላ ያው ቁልቁለት እንደ መጀመሪያው አያሳምም። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን አጭር ቁልቁለት ምረጡ። እርምጃችሁን አሳጥሩ፣ ወደ ኋላ አትለጠጡ፣ ዓይናችሁን ጥቂት ሜትሮች ወደፊት ጣሉ።

ዳገቱ ቀጥ ሲል ደግሞ መራመድ ነውር አይደለም። በጣም ቀጥ ያለ አቀበት ላይ ቀስ ብሎ ከመሮጥ ፈጠን ብሎ መራመድ ጉልበት ይቆጥባል።

«መሬቱ ለስላሳ ስለሆነ አይጎዳም፤ አበበም በባዶ እግሩ ነው የሮጠው»

ለስላሳነቱ ለጉልበት ደግ ነው። ለቁርጭምጭሚት ግን ጉድጓዱና ሥሩ የወደቀ ቅጠል ሥር ተደብቆ ይጠብቃል። የባህር ዛፍ ፍሬም አለ፦ ጠንካራና ክብ ነው፣ ቁልቁለት ላይ ከጫማ ሥር ይንከባለላል። ሶሉ ጥርስ ያለው ጫማ ያስፈልጋል፣ በክረምቱ ጭቃ ደግሞ የግድ ነው።

አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው የተሰጠው ጫማ ስላልተመቸው ነው፤ ጫማ ስለሚጠላ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ከ3 ደቂቃ በላይ አሻሽሎ ገባ፦ ከ2:15:16 ወደ 2:12:11።

«ጅብ አለ፣ አትሂዱ»

ጅብ አለ፤ እንጦጦ አካባቢ የማያውቀው የለም። ግን የሌሊት እንስሳ ነው፤ በደንብ ሲነጋ፣ ከሰው ጋር ሆናችሁ ከወጣችሁ የማግኘታችሁ ዕድል ትንሽ ነው። ለብቻ አለመሄዱ ለሌላም ነገር ይጠቅማል፤ እግሩ የታጠፈ ሰው ደግፎ የሚያወርደው ይፈልጋል። ሱሉልታ በኩል በየቀኑ የሚያጋጥማችሁ የቤትና የከብት ጠባቂ ውሻ ነው። ሲመጣባችሁ አትሩጡ። ቁሙ፣ ባለቤቱን ወይም እረኛውን ተጣሩ፣ ካልሆነ ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ በሉ። ውሾቹ ይህን ምልክት በደንብ ያውቁታል።

ጠባቡ መንገድ ላይ እንጨትና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችም ይገጥሟችኋል። «እንደምን አደራችሁ» በሉና መንገዱን ሙሉ በሙሉ ልቀቁላቸው። ያን ሁሉ ሸክም ይዘው ቁልቁለት ላይ ለእናንተ ብለው መቆም አይችሉም።