«ጋብቻ ሳይፈጸም እንደ ባልና ሚስት አብሮ መኖር» ምንድን ነው? ሦስት ዓመቱስ ምን ይለውጣል?

ሰሞኑን ከአያት ወደ መገናኛ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ሾፌሩ በከፈተው ሬዲዮ አንድ አስተያየት ሰጪ «ሦስት ዓመት አብረው ከኖሩ በሕግ ባልና ሚስት ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ፍቺ እንጂ መለያየት የለም» ሲል ሰማሁ። ይህንኑ አባባል በቢሮዬ ከባለጉዳዮች፣ በለቅሶ ቤት ከጎረቤቶች፣ ባልና ሚስት ሊያስታርቁ ከተቀመጡ ሽማግሌዎችም ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ፈጽሞ ሐሰት ቢሆን ኖሮ ማረም ይቀል ነበር፤ ችግሩ ግማሹ እውነት መሆኑና ሰውን ንብረቱን የሚያሳጣው ሌላኛው ግማሽ መሆኑ ነው።

በአዲስ አበባ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ከአንቀጽ 98 ጀምሮ ይህን ግንኙነት ከጋብቻ ለይቶ ይደነግገዋል። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ሕግ የሚያውቀው ጋብቻ ሳይፈጽሙ እንደ ባልና ሚስት ሲኖሩ የሚፈጠር ሁኔታ ነው። ለሰው ሁሉ «ባለቤቴ ናት»፣ «ባለቤቴ ነው» እያሉ ማስተዋወቅ አይጠበቅባቸውም፤ አኗኗራቸው የተጋቡ ሰዎች አኗኗር መሆኑ ይበቃል። በአንጻሩ የግብረ ሥጋ ግንኙነት ብቻውን፣ የቱንም ያህል የተደጋገመና ሰፈር ያወቀው ቢሆን፣ ይህን ሁኔታ አይፈጥርም። ቅዳሜና እሑድ የሚመጣ ወዳጅ ያላት ሴትና ከአንድ ሰው ጋር ጎጆ ይዛ የምትኖር ሴት በሕግ ዓይን አንድ አይደሉም።

ሦስት ዓመቱ በሕጉ ውስጥ ያለው ንብረትን በሚመለከተው በአንቀጽ 102 ነው። ግንኙነቱ ከሦስት ዓመት ያላነሰ ጊዜ ከቆየ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ያፈሩት ንብረት፣ በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ በቀር፣ የጋራ ይሆናል። ድንጋጌው የሚናገረው ስለ ንብረት ነው፤ ጋብቻ ተፈጽሟል እንደማለት ሊቆጠር አይችልም።

ለባለጉዳዮቼ ብዙ ጊዜ የምነግራቸው በሊጥ እየመሰልኩ ነው። የጤፍ ዱቄት በውኃና በእርሾ ተቦክቶ ሦስት ቀን ሲቆይ ይቦካል፤ አሥር ቀን ቢቆይ ግን ይኮመጥጣል እንጂ በራሱ እንጀራ አይሆንም። እንጀራ የሚሆነው ምጣድ ላይ ሲወጣ ነው። ሕጋችንም ሦስት ምጣዶችን ያውቃል፤ በክብር መዝገብ ሹም ፊት የሚፈጸም ጋብቻ፣ በሃይማኖት ሥርዓት የሚፈጸም ጋብቻና በባህል ሥርዓት የሚፈጸም ጋብቻ። ከሦስቱ አንዱ ላይ ያልወጣ ሊጥ ሃያ ዓመት ቢቀመጥም ሊጥ ነው። አስተያየት ሰጪው የዘነጋው ይህን ነው። «እንግዲያው ምንም አይገባትም» የሚሉት ደግሞ በተቃራኒው ይሳሳታሉ፤ የቦካ ሊጥ ዋጋ አለው፣ ዱቄቱንም ከውኃው መልሶ መለየት አይቻልም፤ ስለዚህ ሁለቱ ሲለያዩ ይካፈሉታል። ሳይቦካ በፊት፣ ማለትም ሦስት ዓመት ሳይሞላ ከተለያዩ፣ ጥያቄው «ጤፉን ማን ገዛው?» ወደሚል ይመለሳል። በዚያን ጊዜም ባዶ እጅ መሄድ ግዴታ አይደለም። አብረው የገዙትን ዕቃ እንደ ማንኛውም የጋራ ባለሀብት መጠየቅ ይቻላል፤ አንዱ በሌላው ገንዘብ ወይም ድካም ያለ በቂ ምክንያት ከከበረም የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2162 አላግባብ መበልጸግን የሚያስመልስ መንገድ ይሰጣል። ነገር ግን ይህ መንገድ ደረሰኝ፣ የባንክ ዝውውርና ምስክር ይፈልጋል፤ ከሦስት ዓመት በላይ የቆየችው ግን ሸክሟ ይቀላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ሦስት ዓመቱ ደፍ እንጂ የመቁጠሪያ መጀመሪያ አይደለም። አራት ዓመት አብረው የኖሩ ሰዎች በመጀመሪያው ዓመት የገዙት ባጃጅም የጋራ ነው፤ «ከሦስተኛው ዓመት በኋላ የመጣው ብቻ» የሚለው ክርክር ከድንጋጌው ጋር አይሄድም። ከግንኙነቱ በፊት የነበረ፣ በውርስ ወይም በስጦታ የተገኘ ንብረት ግን እንደ ጋብቻው ሁሉ የግል ሆኖ ይቀራል።

በሥራዬ ያየሁት ትልቁ ጭቅጭቅ ግን ሦስት ዓመቱ መቼ እንደጀመረ ማስረዳት ነው። ሠርግ ቀን አለው፤ ካርድ ይታተምለታል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል። አብሮ መኖር የሚጀምረው ግን በፌስታል ነው፤ ዛሬ ሁለት ቀሚስ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ብርድ ልብስና ድስት፣ ከወር በኋላ ቴሌቪዥኑ። አንደኛው ወገን «መስከረም ላይ ገባች» ሲል ሌላው «መስከረም ላይ እንግዳ ነበረች፣ የገባችው በፋሲካ ነው» ይላል፤ በመካከል ያለው ሰባት ወር አንዳንድ ጊዜ የአንድ ቤት ግማሽ ያህል ዋጋ አለው። በእንዲህ ዓይነቱ ክርክር የረዱኝን ማስረጃዎች ብዘረዝር ሰው ይገረማል። የእድር መዝገብ ላይ በቤተሰብ አባልነት መጻፏ፣ የቤት ኪራይ ውል ላይ የሁለቱም ስም መኖሩ፣ የልጅ የልደት የምስክር ወረቀት፣ በወሊድ ጊዜ ጤና ጣቢያ የተሞላ ቅጽ፣ የግቢውን የመብራት ቆጣሪ በጋራ የሚጠቀሙ ጎረቤቶች የሰጡት ቃል። ስለ ፍቅር የተጻፈ መልእክት በስልክ ይዘው የሚመጡ አሉ፤ እሱ የሚያስረዳው ፍቅር መኖሩን ነው፣ አብሮ መኖርን አይደለም።

አሁን ደግሞ የተገላቢጦሹን ስህተት ልናገር፤ ከመጀመሪያው ይልቅ የሚያበሳጨኝ እሱ ነው። በባህል ሥርዓት የተዳረች፣ ሽማግሌ ተልኮ፣ ጥሎሽ ተጥሎ፣ ቤተሰብ በልቶና ጠጥቶ የሸኛት ሴት የጋብቻ የምስክር ወረቀት ስለሌላት ብቻ «አንቺማ አብረሽ ኖርሽ እንጂ አላገባሽም» ይሏታል። ይህች ሴት ሚስት ናት። የጋብቻ መመዝገብ ግዴታ ነው፤ አለመመዝገቡ ግን የተፈጸመውን ጋብቻ አያጠፋውም። ወረቀት ከሌለ የትዳር ሁኔታ መኖሩን በምስክር ማስረዳት ይቻላል፤ ማለትም ሁለቱ ራሳቸውን እንደ ባልና ሚስት እየቆጠሩ መኖራቸውን፣ ቤተሰብና አካባቢውም እንደዚያው ይመለከታቸው እንደነበር። በሊጡ ምሳሌ ብንቀጥል፣ የተጋገረውን እንጀራ መሶብ ውስጥ ስላልገባ ሊጥ ነው እንደማለት ነው። ልዩነቱም የስም ብቻ አይደለም። ሚስት ከሆነች ንብረቱ የጋራ የሚሆነው ከጋብቻው ዕለት ጀምሮ ስለሆነ ሁለት ዓመት ብቻ ቢኖሩም ትካፈላለች፤ ትዳሩም የሚፈርሰው በፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። ጋብቻ በሌለበት ግንኙነት ግን አንዱ ወገን በፈለገ ጊዜ ማቆም ይችላል፣ የፍቺ ፍርድም አያስፈልገውም። ስለዚህ «ከሦስት ዓመት በኋላ ፍቺ እንጂ መለያየት የለም» የተባለው ከንብረቱም ከሥነ ሥርዓቱም ወገን ስህተት ነው። በሁለቱ ሁኔታዎች መካከል ያለው መስመር በችሎት ፊት ሁልጊዜ ጥርት ብሎ አይታይም፤ ምስክሮች ስለ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ቃል ስለሚናገሩ፣ ክስ ሲጻፍ የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ ለይቶ መጻፍ የጠበቃው ሥራ ነው።

ከከተማው ዳር ባሉት ሰፈሮች የሚመጣው ንብረት በአብዛኛው ኮንዶሚኒየም፣ ባጃጅ፣ አንድ ክፍል ሱቅና ካርታ የሌለው ቤት ነው። በ20/80 በእርሱ ስም ተመዝግቦ የነበረ ቤት፣ ዕጣው የወጣውና ውሉ የተፈረመው አብረው በኖሩበት ዘመን፣ የባንኩም ወርኃዊ ክፍያ ከጋራ ገቢያቸው የተከፈለ ከሆነ፣ «ውሉ በእኔ ስም ነው» ማለት ብቻውን ክርክሩን አይዘጋውም። ቅድመ ክፍያው ከግንኙነቱ በፊት ከተቆጠበ ገንዘብ መሆኑን ካስረዳ ግን የዚያ ድርሻ ሊታሰብለት ይገባል የሚል አቋም አለኝ። ሌሊት የቆመ የጨረቃ ቤት ሌላ ጣጣ አለው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የሚካፈሉት ቤቱንና የመጠቀም መብቱን ነው፤ መብቱ ራሱ በሕግ ካልጸና ፍርድ ቤት የሚያካፍለው ነገር ማግኘት ይቸግረዋል። ደንበኞቼ ይህን ስነግራቸው የሚመልሱልኝ መልስ «አምስት ዓመት ቆመናል እኮ» የሚል ነው።

ዕዳም ይካፈላል፤ ይህን ግን ማንም በሬዲዮ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። ከሁለቱ አንዱ ለኑሯቸውና ለልጆቻቸው ማሳደጊያ የገባውን ዕዳ፣ የሰፈሩን ሱቅ ዱቤ ጨምሮ፣ ሁለቱም ይጠየቁበታል።

ልጅን በሊጥ መመሰል አያምርም፣ ምሳሌውም እዚህ ያበቃል፤ ምክንያቱም ለልጅ የሚቆጠር ሦስት ዓመት የለም። በዚህ ግንኙነት ውስጥ የተፀነሰ ወይም የተወለደ ልጅ አባቱ በግንኙነቱ ውስጥ ያለው ወንድ ነው ተብሎ ይገመታል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ ስለዚህ ቀለብ ለመጠየቅም ሆነ አባትን ለመውረስ የወላጆቹ ሰርተፊኬት አይጠየቅም። ስድስት ወር ብቻ አብረው የኖሩ ሰዎችም ልጅ ካላቸው የቀለብ ክስ ይቀርባል።

ውርስን ካነሣሁ አይቀር፣ «ሦስት ዓመት ስለኖረች ትወርሰዋለች» የሚለውንም ላንሣ። አትወርሰውም። እንዲያውም በቁርባን የተጋባች ሚስት እንኳን በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ያለ ኑዛዜ ከሚወርሱት ተራ ውስጥ የለችም፤ እጇ የሚገባው ከጋራው ንብረት የራሷ ድርሻ ነው፣ የሟች ድርሻ ለልጆቹ፣ ልጅ ከሌለው ለወላጆቹ ያልፋል። ያላገባችውም ሦስት ዓመቱን ካስረዳች የጋራውን ድርሻዋን ትጠይቃለች፤ ከዚያ ያለፈ ነገር እንዲደርሳት ከተፈለገ ሰውየው በሕይወት ሳለ ኑዛዜ መጻፍ ነበረበት። በሟች ቤት የአርባው ተዝካር ሳይወጣ ከእህትና ከወንድም ጋር የሚጀመረው ግብግብ ከዚህ ነው የሚነሣው።

ከሁለቱ አንዱ ሌላ ጋብቻ ያለው ሆኖ ሲገኝ ጉዳዩ ይወሳሰባል፤ የመጀመሪያይቱ ሚስት ያላት የጋራ ሀብት መብትም ስለሚገባበት ከላይ ያልኩትን እንዳለ ወስዶ መጠቀም አይቻልም።

ሌላው ጥንቃቄ ከአድራሻ ጋር የተያያዘ ነው፤ የእኔ ቢሮ ባለበት አካባቢ ደግሞ ይህ ቀልድ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 213/1992 የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። አብዛኞቹ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል፤ ኦሮሚያም በ1995 አዋጅ ቁጥር 69ን አውጥቷል። ከአያት ተነሥቶ ጣፎን አልፎ ለገጣፎ የገባ ሰው፣ ታክሲው ሃያ ደቂቃ ባይፈጅበትም፣ ኑሮውን የሚዳኘው ሕግ ተቀይሯል። ሁለት ዓመት አያት በኪራይ ኖረው፣ በሦስተኛው ዓመት ለገጣፎ ቤት ሠርተው የገቡ ሰዎች ሲለያዩ፣ የትኛው ሕግና የትኛው ፍርድ ቤት የሚለው የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። በቅርቡ የመጣች አንዲት ባለጉዳይ ስለ ሦስት ዓመቱ በሬዲዮ የሰማችውን በቃሏ ወጣችልኝ፤ ቤቷ የት እንደሆነ ስጠይቃት ግን «ከአስፋልቱ ወዲያ ማዶ» አለችኝ፤ እኛም ከዚያ መጀመር ነበረብን።