ኤልኤልሲው ሲዋሃድ «አልስማማም» ያለ አባል ምን ይደርሰዋል?

አሜሪካ ውስጥ ከጓደኛ ጋር ኤልኤልሲ (LLC፣ ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) የሚከፍቱ ብዙ ሐበሾች የአባላቱን ውል የሚያወርዱት ከኢንተርኔት ነው። ሳያነቡ ይፈርማሉ። ጣጣው የሚመጣው ትልቁ ባለድርሻ ድርጅቱን ከሌላ ጋር ላዋህድ ያለ ቀን ነው።

ደላዌር ስቴት የተመዘገበ ኤልኤልሲ እንውሰድ። አንዱ 55፣ ሌላው 45 በመቶ የትርፍ ድርሻ አላቸው። ውላቸው ሌላ ካላለ ባለ 55ቱ ብቻውን ውህደቱን ማጽደቅ ይችላል፤ ሕጉ የሚጠይቀው ከ50 በመቶ በላይ ነውና። ባለ 45ቱ «እሺ፣ የድርሻዬን ተገቢ ዋጋ ገምታችሁ በጥሬ ገንዘብ ስጡኝና ልውጣ» ቢልስ? ይህ መብት በውሉ ወይም በውህደት ስምምነቱ ካልተጻፈ ከሕጉ በቀጥታ አያገኘውም። የደላዌር ኤልኤልሲ ሕግ አንቀጽ 18-210 መብቱን በውል ማስገባት ይቻላል ይላል እንጂ ራሱ አይሰጥም። ለእኔ ይህ ለአናሳ ባለድርሻ ጨከን ያለ ሕግ ነው።

ኒውዮርክ ይለያል። ድምፅ የመስጠት መብት ያለው አባል ድምፅ ከሚሰጥበት ስብሰባ በፊት ተቃውሞውን በጽሑፍ ለድርጅቱ ያስገባል። ስብሰባው ላይ መጮህ ብቻ አይበቃም፤ ወረቀት ያስፈልጋል። ውህደቱ ሲጸና አባልነቱ ያበቃል፤ ድርጅቱም በ10 ቀን ውስጥ ተገቢውን ዋጋ በጥሬ ገንዘብ ለመክፈል በጽሑፍ ያቀርብለታል። ዋጋው የሚሰላው ውህደቱ ከሚጸናበት ዋዜማ ባለው ሁኔታ ነው። በ90 ቀን ካልተስማሙ ዋጋውን ፍርድ ቤት ይወስናል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው የምትኖሩበት ስቴት ሳይሆን ኤልኤልሲው የተመዘገበበት ነው።