አዲስ አበባ ላይ ቤት ማስፋት፦ የሰርቪስ ቤት ወጪ እንዴት ይሰላል?

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ማስፋት ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ሰርቪስ ነው። ከዋናው ቤት ጀርባ አጥር ታክኮ የሚሠራ ሁለት ሦስት ክፍል። ድሮ አንዱ ማዕድ ቤት ነበር፣ አንዱ የሠራተኛ መኝታ፣ ጥጉ ላይ ደግሞ መጸዳጃ። ዛሬ ልጅ ሲያገባ የሚገባበት፣ ከክፍለ ሀገር የመጣች እናት የምታርፍበት፣ ወይም ተከራይቶ ጡረታን የሚደጉም ቤት ሆኗል። ዋናውን ቤት ወደ ጎን የሚያስረዝሙም አሉ። ፎቅ የሚጨምሩም አሉ። የሦስቱም ወጪ ለየቅል ነው።

ሥራ ሊጀምር ያሰበ ሰው ሁሉ መጀመሪያ "ስንት ይፈጃል?" ብሎ ይጠይቃል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን ዋጋ ከወር ወር በሚቀያየርበት ከተማ ከሱ እኩል መጠየቅ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፦ "ብሩ ቢያልቅ የቱ ጋ ላቁም?" መሠረት ወጥቶ ሙሌቱ ተደልድሎ ቢቆም ቤቱ ዓመትም ይጠብቃል። ጣራው ተመትቶ በርና መስኮቱ ተገጥሞ ቢቆም ደግሞ ልስኑ ቀስ ብሎ ይደርሳል። ግድግዳ ቆሞ ጣራ ሳይለብስ ሰኔ ከገባ ግን ክረምቱን ሙሉ ውኃ ይጠጣል። እንጨት ይጣመማል፣ ብረት ይዝጋል፣ አንዳንዴም የላይኛው ረድፍ ብሎኬት ፈርሶ እንደገና ይገነባል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሰዎች በጀታቸውን በደረጃ ይከፍሉታል፦ መሠረት፣ ግድግዳ ከነጣራው፣ ከዚያ ማጠናቀቂያ። ግድግዳና ጣራን የማይነጣጥሉት ለዚህ ነው። የሁለቱ ብር አንድ ላይ ካልተሟላ ብሎኬት አያስጭኑም።

ወረቀቱ

የአዲስ አበባን ግቢ ለመረዳት ወደ 1967 ዓ.ም. መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታን የመንግሥት አደረገ፣ ትርፍ ቤቶችንም ወረሰ። አንድ ግቢ ውስጥ የግል ቤትና የቀበሌ ቤት ጎን ለጎን የሚገኙት በዚህ ምክንያት ነው። የቀበሌ ቤት ተከራይ በራሱ ፈቃድ ክፍል መጨመር አይችልም። ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰውም ከውጭ የሚጨምረው ነገር የለም፣ ምክንያቱም ግድግዳውና ደረጃው የጋራ ነው። ሰርቪስ መሥራት በዋናነት የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ያለው ሰው ጉዳይ ነው።

ካርታው ላይ ያለው ስፋትና አጥሩ የከለለው ስፋት ሁልጊዜ አይገጥምም። ከመጀመሪያዎቹ ወጪዎች አንዱ ይህንን ማስለካት ነው። ቀጥሎ ፈቃድ ባለው ባለሙያ ፕላን ይሠራል፣ በፕላኑ የግንባታ ፈቃድ ይወጣል። ለብዙ ዓመት ሲሠራበት የኖረው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ይከፍላል። በተሸካሚ መዋቅሮች መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ ባለ አንድ ወለል ቤት ምድብ "ሀ" ውስጥ ይገባል። ተራ ሰርቪስ እዚህ ነው የሚመደበው። ምድቡ ከፍ ሲል የሚጠየቀው ባለሙያ ይበዛል፣ የፕላኑም ዋጋ ይወጣል።

ፈቃዱን ዘልሎ በቅዳሜና እሑድ ለመጨረስ የሚሞክር አለ። ሌሊት ሌሊት የተሠራውን ሕዝቡ "ጨረቃ ቤት" ይለዋል። ይህ መንገድ ውድ ነው የምለው ደንብ አስከባሪ ሊያፈርሰው ስለሚችል ብቻ አይደለም። ቦታው አንድ ቀን ለልማት ቢፈለግ ካሳ የሚታሰበው በሕጋዊ መንገድ ለተሠራ ንብረት ነው። ካርታና ፕላን ላይ የሌለ ክፍል ሲፈርስ የወጣበት ብር አብሮ ይቀራል። የኮሪደር ልማቱ ስንት ሰፈር እንደነካ ያየ ሰው ይህን በቀላሉ አያልፈውም።

መሬቱ

ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ፕላን ይዞ፣ አንዱ ጉለሌ ሌላው ሲኤምሲ ቢሠራ ወጪያቸው አይገናኝም። ወደ እንጦጦ ግርጌ ሲወጣ መሬቱ ቀይና ድንጋያማ ነው። ለመቆፈር ያስቸግራል፣ ከተቆፈረ በኋላ ግን ይሸከማል። በቦሌ፣ በሲኤምሲና በአቃቂ በኩል ደግሞ ብዙ ቦታ መረሬ ነው። ይህ ጥቁር አፈር ክረምት ላይ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። በላዩ የተቀመጠ ቀላል ቤት አብሮት ከፍ ዝቅ ይላል። መስኮት ጥግ ላይ በሰያፍ የሚታየው ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው። መረሬ ላይ አፈሩ ተጠርጎ ይጣላል፣ በምትኩ ገረጋንቲ፣ ማለትም ጠጠር የበዛበት የሙሌት አፈር ይገባና ይጠቀጠቃል። አፈር መጣያውም ገረጋንቲ ማምጫውም በገልባጭ መኪና ነው። መንገዱ ጠባብ ሆኖ መኪና ካልገባ ሁሉም በጋሪና በሰው ጀርባ ይሆናል። ይህ ሂሳብ ፕላኑ ላይ አይታይም።

ሌላው ከመሬቱ ጋር የሚያያዝ ነገር አሮጌው ቤት ነው። የከተማዋ ነባር ቤቶች አብዛኞቹ ጭቃ ቤቶች ናቸው፤ ባሕር ዛፍ ቆሞ፣ በማገር ተማግሮ፣ በጭድና በጭቃ የተመረገ። ከዚህ ግድግዳ ጋር አዲስ ብሎኬት ማያያዝ ሁለቱንም ይጎዳል። አዲሱ በራሱ መሠረትና በራሱ ኮለን (የኮንክሪት ምሰሶ) ቆሞ በመካከል ክፍተት ቢተው ይሻላል። ፎቅ መጨመር የሚፈልግ ሰው ደግሞ የታችኛው ቤት መሸከም መቻሉን በመሐንዲስ ማስመርመር አለበት። ኮለን በሌለው ቤት ላይ ሶሌታ (የፎቁን የኮንክሪት ወለል) መጣል ሕይወትን አደጋ ላይ መጣል ነው።

ልኬት

ዋጋ ያልፋል፣ ልኬት ግን አይለወጥም። ባለ ሁለት ክፍል ሰርቪስ እንውሰድ፤ እያንዳንዱ ክፍል 4 በ4፣ ከፍታው 3 ሜትር። የውጭው ዙሪያ 24 ሜትር ነው፣ መካከለኛው ግድግዳ 4 ሜትር ይጨምራል። 28 በ3 ሲባዛ 84 ካሬ ይሆናል። ሁለት በርና ሁለት መስኮት ሲቀነስ 77 ካሬ ገደማ ይቀራል። ባለ 40 በ20 ብሎኬት በካሬ 12 ተኩል ይገባል። ስለዚህ 963 አካባቢ ይፈልጋል። ሲራገፍና ሲቆረጥ የሚሰበረው ሲታከል 1,010 ያህል ማዘዝ ነው። ልስኑ ግድግዳውን በሁለት በኩል ስለሚነካ 154 ካሬ ይሆናል። "ሁለት ክፍል ብቻ ነው" ብሎ የተነሳ ሰው ልስን ላይ ሲደርስ የሚደነግጠው ለዚህ ነው።

ወለሉ 32 ካሬ ነው። 10 ሳንቲም ውፍረት ያለው ኮንክሪት 3.2 ሜትር ኪዩብ ይወስዳል። በሜትር ኪዩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ከተደረገ አሥራ አንድ ኩንታል ተኩል፣ ማለትም 23 ከረጢት ይሆናል። ጣራው ከወለሉ ይሰፋል። በየጎኑ 50 ሳንቲም ቢወጣ 9 በ5፣ 45 ካሬ ነው፣ ተዳፋቱ ሲታሰብ ደግሞ ትንሽ ይጨምራል። ቆርቆሮ ላይ ደግሞ ቁጥሩ ያሳስታል። ጌጁ ሲጨምር ውፍረቱ ይቀንሳል፤ 28 ከ32 ይወፍራል።

ይህን ሁሉ አንድ ደብተር ላይ ጽፎ፣ በአንድ ቀን ሦስት ሱቅ ዞሮ ዋጋውን መሙላት ነው። ያን ጊዜ ድምሩ እውነተኛ ይሆናል። እኔ በላዩ ከመቶ 20 መጠባበቂያ ሳልጨምር "በጀት አለኝ" አልልም።

ዕቃው

ፌሮ፣ ማለትም ኮንክሪት ውስጥ የሚገባው ብረት ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚጭበረበረው እዚህ ነው። አንድ ቤርጋ፣ ማለትም አንድ ሙሉ ዘንግ 12 ሜትር ነው። ባለ 12 ቁጥር ፌሮ በሜትር 888 ግራም መመዘን አለበት፣ ሙሉ ቤርጋው 10 ኪሎ ተኩል ይሻገራል። እኛ ግቢ ሰርቪስ ስናሠራ የመጣው ብረት ለዓይን ቀጠን አለብኝ። ፌራዮው (ብረት ሠራተኛው) አንድ ሜትር ቆረጠልኝና ጎረቤታችን ያለው ባለሱቅ ሚዛን ላይ አስቀመጥነው። 760 ግራም። ከመቶ 14 እጅ ያህሉ ብረት የለም ማለት ነው። በቤርጋ ቆጥረን ከፍለን ነበር፣ በኪሎ ብንገዛ ኖሮ ቢያንስ ለሌለ ብረት አንከፍልም ነበር። ነገሩ ከብሩም በላይ ነው፤ ኮለኑን የሚይዘው ያ ብረት ነው።

አሸዋ ከሩቅ ነው የሚመጣው፤ የጀማ፣ የላንጋኖ፣ የመቂ እየተባለ በቢያጆ፣ ማለትም በመኪና ጭነት ይሸጣል። ጥሩ አሸዋ እጅ ላይ ሲታሽ ጭቃ አይተውም። በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ተበጥብጦ ቢያድር ደለሉ ከላይ ይቀራል። ወፍራም ሽፋን ከሠራ መመለስ ነው፤ በአገሪቱ ደረጃ የሚፈቀደው ደለል ከመቶ 6 አይበልጥም። አፈር የበዛበት አሸዋ ሲሚንቶ ይበላል፣ ልስኑም ይፈነዳል።

ሲሚንቶ የራሱ ታሪክ አለው። ከ2012 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ሦስት አራት ዓመታት ገበያው ላይ ጠፍቶ ስንት ቤት ግማሽ ላይ ቀረ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ግዙፉ የለሚ ፋብሪካ ሲመረቅ ትንፋሽ ተገኘ። ያ ዘመን ያስተማራቸው ሰዎች ዛሬም ቀደም ብለው ይገዙና ያከማቻሉ። ፌሮ፣ ሴራሚክና ቆርቆሮ ደረቅ ቦታ ቢቀመጡ ችግር የለም። ሲሚንቶ ግን ከሦስት ወር በኋላ ኃይሉ ይቀንሳል፣ እርጥበት ካገኘው ደግሞ ይደድራል። ከወለል ከፍ ባለ ጣውላ ላይ ተደርድሮ ለሚቀጥሉት ሳምንታት የሚበቃው ብቻ መግዛት ነው የሚያዋጣው።

ለበርና መስኮት ምናለሽ ተራን መዞር ጥሩ ነው። ከፈረሰ ቤት የወጣ ወፍራም ብረት ከአዲሱ የሚሻልበት ጊዜ አለ። ለካሳፎርማ (ኮንክሪት ለሚፈስበት የእንጨት ቅርጽ) እና ለድጋፍ እንጨት አጠና ተራ አለ። ሥራ የጨረሰ ጎረቤት ካለ ግን መጀመሪያ እሱን መጠየቅ ነው።

እጅ

ሥራ በሁለት መንገድ ይሰጣል፦ እጅ ብቻ ወይም ከነዕቃው። እጅ ብቻ ሲሆን ባለቤቱ ዕቃ ያቀርባል፣ ግንበኛው በካሬ ወይም በቁርጥ (ለሥራው ሁሉ በአንድ ዋጋ) ይነጋገራል። ለትንሽ ሰርቪስ ይህ ይሻላል፣ ግን ቀኑን ሙሉ ቦታው ላይ የሚቆም ሰው ይፈልጋል። በቁርጥ ሲሆን ውሉ ላይ ማቡኪያ፣ ውኃና ዕቃ ማራገፊያ የማን እንደሆነ ይጻፍ። ጠብ የሚነሳው ከእነዚህ ነው። ክፍያም ሥራውን እየተከተለ ይሂድ። ቅድሚያ ብዙ የወሰደ ግንበኛ ሌላ ሰፈር ሌላ ሥራ ይጀምራል፣ ስልኩም አይነሳም።

የሚረሱት

ምጣድ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፣ ወደ 16 አምፔር ማለት ነው። ለመብራት በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ሲሰካ ሽቦው ይግላል፣ ከዚያ እሳት ነው። ማዕድ ቤት ካለ ለምጣዱ ከቆጣሪው ጀምሮ የራሱ ወፍራም መስመር ይሠራለት።

ፍሳሽ። አብዛኛው ግቢ የሚጠቀመው በራሱ ጉድጓድ ነው። ሁለት ቤተሰብ ሲጨመር ጉድጓዱ ቶሎ ይሞላል። ሰርቪሱ ጉድጓዱን ከመንገድ ከለለው ማለት ደግሞ የመጣጭ መኪና ቱቦ አይደርስም። ውኃ በፈረቃ ስለሆነ ሮቶ ያስፈልጋል፣ ሮቶውን የሚሸከም ማማም እንዲሁ። የጣራና ግድግዳ ግብሩም ከቤቱ ስፋት ጋር ይጨምራል።

ብሩ

ከባንክ ይልቅ እቁብ ብዙ ሰርቪስ ሠርቷል። ዕጣው መቼ እንደሚወጣ ስለማይታወቅ ግን መጀመሪያ ሥራ ጀምሮ ዕጣ መጠበቅ አደጋ አለው። ሌላው ምንጭ ውጭ ያለ ዘመድ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የሚላከው ዶላር በብር በዛ፣ ከውጭ በሚመጣ ጥሬ ዕቃ የሚሠራው የፌሮና የቆርቆሮ ዋጋም አብሮ ተነሳ። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለሚልክ ሰው የደረጃ አከፋፈሉ እዚህም ይሠራል፦ የመሠረቱን ልኮ፣ ፎቶና ደረሰኝ አይቶ፣ ከዚያ የግድግዳና የጣራውን። ይህ ወንድምን አለማመን አይደለም። ወንድሙንም ከሐሜት ያድነዋል።

ለማከራየት የሚሠራ ሰው የ2016ቱን የኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ይወቅ። ውሉ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ነው፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር አይበልጥም። "የስድስት ወር ተቀብዬ ልስኑን እጨርሳለሁ" የሚለው የድሮ ስሌት አይሠራም።

አንድ ነገር ቀረ። በየሰፈሩ ጣራ ላይ ወደ ሰማይ የቆመ ፌሮ ይታያል። "ነገ ፎቅ እጨምራለሁ" ማለት ነው። ያ ነገ አሥር ዓመት ሊፈጅ ይችላል፣ ፌሮው ግን በእያንዳንዱ ክረምት ይበላል። ዝገቱም እየወረደ ኮለኑን ይሰነጥቃል። ሥራ ሲያበቃ አንድ ግማሽ ቀን ወስዶ፣ የቆመውን ብረት በቀጭን የሲሚንቶ ውኃ ቀብቶ ደካማ ኮንክሪት ማልበስ ይቻላል። ፎቁ ሲመጣ በመዶሻ ይረገፋል።